«አደፍርስ» እና የአንባቢው ድካም

ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙ ጊዜ የአንባቢው አስተያየት በሁለት ተከፈለ። ከፊሉ ታሪኩ አይጨበጥም፣ ክርክሩ ይበዛል፣ ቋንቋውም ይከብዳል ሲል ነቀፈ፤ ከፊሉ ደግሞ የአማርኛን ልብ ወለድ ወደ አዲስ ደረጃ ያሸጋገረ ሥራ ነው ሲል አመሰገነ።

ለነቀፌታው አንዱ ምክንያት ንጽጽር ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢውን በጎጃም ምድር ከልደት እስከ ሞት የሚመራ ተራኪ አለው። በ«አደፍርስ» ግን እንዲህ ያለ መሪ ጎልቶ አይታይም። የተማረው ወጣት አደፍርስ፣ ባለርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ካህናቱና ሌሎቹም በሸዋ ገጠር በየአንደበታቸው ይከራከራሉ፤ ፍርዱ ለአንባቢው ይተዋል። እንግዲህ ብዙዎች ጉድለት ያሉት ነገር ከመጽሐፉ ዓላማ የመነጨ ነው፤ ስለ ለውጥ የሚሟገት ኅብረተሰብ በአንድ ድምፅ ብቻ ሊተረክ አይችልምና። ይሁን እንጂ ነቀፌታው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። አደፍርስ አንዳንድ ጊዜ ከሕያው ሰውነት ይልቅ ወደ ንግግር አድራጊነት ያደላል።

ጉዳዩ መምህሩን በቀጥታ ይመለከታል። ደንገልና ታንኳን ከልጅነቱ የሚያውቅ የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ተማሪ የደብረ ሲና አካባቢ አነጋገር እንግዳ ቢሆንበት አያስገርምም። መምህሩ የታሪኩን ፍሬ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ ቢያስገለብጠው ተማሪው ፈተናውን ያልፍ ይሆናል፤ መጽሐፉን ግን አላነበበም። ከዚህ ይልቅ አንድ ምዕራፍ ተመርጦ ተማሪዎች የባለታሪኮቹን ድርሻ እየተካፈሉ ጮክ ብለው ቢያነቡት ክርክሩ ነፍስ ይዘራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ለብዙ ሰው የደረሰው በጆሮ ነው። ከንባቡ በኋላ ተማሪው ያልገባውን ቃል ከአካባቢው አቻ ቃል ጋር ቢያስተያይ የቋንቋው ልዩነት ራሱ ትምህርት ይሆነዋል።

ይህ ዘዴ ጊዜና በቂ ቅጂ ይጠይቃል። ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ከባድ መጽሐፍን ከዝርዝር ከማውጣት ይልቅ የሚነበብበትን ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ ይበጃል። በክረምት ግልገል ዓባይና ጉማራ ደለል ይዘው ሲገቡ ጣና እንዴት እንደሚደፈርስ የባሕር ዳር ልጅ ያውቃል። «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለው ብሂልም ለእርሱ እንግዳ አይደለም። የልብ ወለዱን ስም ትርጉም ለመረዳት ከማንም የቀረበ ተማሪ፣ መጽሐፉ ይከብደዋል ተብሎ ሊነፈገው አይገባም።