ለውዝ ከነቅርፊቱ

ፓዌ ገበያ ለውዝ ከነቅርፊቱም ተፈልፍሎም ይሸጣል። እናቴ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት “ከነቅርፊቱ ነው?” ትላለች። እኔ ይህን መጠየቅ ረስቼ አንድ ሰሞን ሙሉ ከሰርኩ።

ሥራዬ ድንክ ጋላክሲዎችን ማመሳከር ነው፤ ኮምፒውተር የሠራቸውን ሰማይ ላይ ካሉት ጋር። የማመሳክረው ጋዛቸውን፣ በተለይም በ21 ሴንቲ ሜትር የራዲዮ ሞገድ የሚገለጠውን ሃይድሮጅን ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በዓይን የሚታይ ብርሃን ለቃሚ ስለሆኑ ለዚህ አይሆኑም። ስለዚህ የኒው ሜክሲኮው ቪኤልኤ በ27 አንቴናዎቹ የቃኛቸውን፣ ሊትል ቲንግስ የተባሉትን 41 ድንኮች እጠቀማለሁ።

በዚያ ሰሞን የኔዎቹ ጋላክሲዎች በሙሉ ሰማይ ላይ ካሉት በሲሶ ያህል ጋዝ በለጡ። አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ፈነደቅሁ። ልዩነቱ ከአንዱ ጋላክሲ ወደ ሌላው አለመለዋወጡ ግን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። አልትራቫዮሌት ጨረር ኤሌክትሮኑን የነጠቀውን ሃይድሮጅን በስንት ጥንቃቄ ቀንሼ ነበር፤ ሂሊየሙን ግን እዚያው ትቼዋለሁ። ቴሌስኮፑ ሃይድሮጅንን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ሂሊየሙን ለማካተት ውጤቱን በ1.33 ማባዛት የተለመደ ነው። እኔ ከነቅርፊቱ መዝኜ ከተፈለፈለው ጋር አወዳደርኩ። ከባዱን ተሻግሬ ሜዳ ላይ ወደቅሁ።

ይህን ጋዝ የምንጠራበት “ቀዝቃዛ ጋዝ” የሚለው ስምም ራሱ ያስቀኛል። ኢግል በተባለው የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ጥቅጥቅ ያለው ጋዝ ከ8,000 ኬልቪን ገደማ በታች እንዲቀዘቅዝ አይፈቀድለትም። የፓዌን በጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብርድ አይደለም።

ጀማሪዎች የሚጠሉት ሥራ ማደብዘዝ ነው። የደከሙበትን ጋላክሲ ማበላሸት ይመስላቸዋል። ቴሌስኮፕ ግን 13 ሚሊዮን ብርሃን ዓመት ላይ ያለን ጋላክሲ በ6 የቅስት ሰከንድ ጥራት ሲያይ፣ ወደ 380 ብርሃን ዓመት የሚሰፋው ቦታ አንድ ነጥብ ይሆንበታል። ስለዚህ የኔንም ወደዚያ ርቀት እወስዳለሁ፣ አደበዝዛለሁ፣ የመሣሪያውን ሁካታ እጨምርበታለሁ። ስሱው የዳር ጋዝ እዚህ ላይ ይጠፋል፤ ይጥፋ፤ ቴሌስኮፑም አያየውም ነበር።

ከዚያ አንዱን ጋላክሲ በተለያየ ጎን እያዞርኩ አየዋለሁ። ጋዙ ክቡን ጠብቆ ስለማይዞር፣ በአንዱ በኩል ሳየው መሐሉ በፍጥነት የሚሽከረከር ይመስላል፤ በሌላው በኩል የሚያዘግም። ሁለት ጋላክሲ ነው ቢሉኝ አምን ነበር፤ ፋይሉ ግን አንድ ነው።