የኋላ ዲስክ ፍሬን ጥገና፦ የአሠራር መመሪያን ለማስተማሪያነት ስለ መጠቀም የቀረበ ሂስ

የመኪና አምራቾች የሚያዘጋጁት የጥገና መመሪያ በሙያው ለሠለጠነ መካኒክ የተጻፈ ነው። ለዚህ ዓላማው ብቁ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል በአጭሩ ይዘረዝራል፣ የቡሎኖቹን የማጥበቂያ ልክም በቁጥር ያስቀምጣል። ጉድለቱ የሚገለጸው መመሪያው እንዳለ ወደ ክፍል ገብቶ የመማሪያ መጽሐፍን ቦታ ሲይዝ ነው። ባለሙያው ያውቀዋል ተብሎ የታለፈው ምክንያት፣ ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነውና። የቤት መኪና የኋላ ዲስክ ፍሬን ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል።

የፊት ፍሬን ሸራ መለወጥ የተማረ ሰው የኋላውም ያው ነው ቢል አይፈረድበትም። በሁለቱም ዲስክ አለ፤ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚይዙ ሸራዎች አሉ፤ ሸራዎቹን የሚያጣብቅ ካሊፐርና ፒስተንም አለ። ልዩነቱን ያመጣው በኋላው ላይ የተደረበው የእጅ ፍሬን ነው። ይህም በሦስት ዓይነት መንገድ ይሠራል። በቮልስዋገን ቦራ የእጅ ፍሬኑ ገመድ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ባለጥርስ ዘንግ በማንቀሳቀስ ፒስተኑን ይገፋል። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ቶዮታ ካምሪ በዲስኩ እምብርት ውስጥ የራሱ ሸራ ያለው ትንሽ ታምቡር ይገኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው ቮልስዋገን ፓሳት ደግሞ ሥራውን የሚያከናውነው በካሊፐሩ ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የመጀመሪያው ዓይነት እየተጫኑ ሲያዞሩት ይመለሳል፤ በሞርሳ በግድ ቢገፋ የውስጥ ማስተካከያው ይሰበራል። ሁለተኛው በቀጥታ ይገፋል፤ የታምቡሩ ሸራ ግን ለብቻው መመርመር ይኖርበታል። ሦስተኛው በመመርመሪያ መሣሪያ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዲመለስ ሳይደረግ አይነካም። መመሪያው የያዘውን መኪና ብቻ ስለሚመለከት «ፒስተኑን አዙሮ መመለስ» ብሎ ያልፋል። ትእዛዙን ያለ ምክንያቱ ያጠና ተማሪ ሌላ ዓይነት መኪና ሲያጋጥመው ወይ ይሰብራል ወይ ይቆማል።

ሁለተኛው ጉድለት አሮጌውን ሸራ የሚመለከት ነው። መመሪያው አውጥቶ መጣልን ያዛል፤ መምህር ግን ማስነበብ ይገባዋል። የውስጡ ሸራ ከውጭው ይበልጥ ካለቀ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ወይም ፒስተኑ ሳይያዙ አልቀሩም። ይህን ያልመረመረ ሰው አዲሱን ሸራ ለዚያው ብልሽት ይገብራል። በዲስኩ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ዝቅተኛ ውፍረትም ተለክቶ ካልተመሳከረ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው ግን የማሳረጊያው አቀማመጥ ነው። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለ ተመለሰ የመጀመሪያው የፔዳል ርግጫ እስከ ወለሉ ሊወርድና መኪናውን ላያቆም ይችላል። ስለዚህ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መረገጥ አለበት። ይህ ቃል ከመመሪያው መጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ተሰጥቶታል፤ ደወል የተደወለበት ክፍልም የሚዘለው መጨረሻውን ነው። የሚዘለለው መስመር ግን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። ስለ አቧራው ጤና ጠንቅነት የሚሰጠው ማሳሰቢያም እንዲሁ ነው፤ የቀድሞ ሸራዎች አስቤስቶስ ስለ ነበራቸው ፍሬን በአየር ግፊት እየተነፋ አይጸዳም።

ምዘናውም የዚህ አቀራረብ ተከታይ ሆኗል። በተዘረዘሩት እርምጃዎች ላይ ምልክት እየተደረገ የሚሰጥ ነጥብ የተማሪውን እጅ እንጂ ማስተዋሉን አይለካም። ተማሪው ቡሎን ከመፍታቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢመልስ ይበጃል፦ የእጅ ፍሬኑ በምን ይሠራል? ፒስተኑ በምን መንገድ ይመለሳል? ሥራው መጠናቀቁስ በምን ይረጋገጣል? ለእነዚህ መልስ ያለው ተማሪ መመሪያውን በተገቢው ቦታው ይጠቀምበታል፤ መልስ የሌለው ግን መመሪያውን በቃሉ ቢወጣውም መኪናው ሊሰጠው አይገባም።