ከመሬቱ የተነሣው ገበሬና የሙያ ሥልጠናው

አዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ፣ ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረው የቦሌ ለሚና የቦሌ አራብሳ ጥቁር መሬት ለፋብሪካ ሼዶችና ለጋራ መኖሪያ ቤቶች ውሏል። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ በካሣው ገንዘብ ነጋዴ ወይም ባለ ሌላ ሙያ እንዲሆን ይጠበቃል። ሕጎቹ ለዚህ ሽግግር ምን ያህል አስበውበታል?

አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሣውን ያሰላው ገበሬው ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር በማባዛት ሲሆን፣ የመልሶ ማቋቋም ድጋፍን ግን እንደ አቅም የሚደረግ ነገር አድርጎ አልፎታል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎ፣ መነሻውንም በሦስት ዓመት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ ገቢ አደረገው፤ የመልሶ ማቋቋሚያ ፈንድ እንዲኖርም አስገደደ። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ የካሣው ቀመር አሁንም ምርቱን እንጂ አምራቹን አይመዝንም። ጥቁር አፈር ውኃ ሲቋጥር እንዴት እንደሚጠነፈፍ፣ ጥጃ እንዴት እንደሚያድግ፣ ደቦ እንዴት እንደሚጠራ የሚያውቅ ሰው ወደ ሥልጠና ክፍል ሲገባ እንደ ጀማሪ የሚቆጠር ከሆነ፣ ሥልጠናው ከመነሻው ተሳስቷል። (በሬ ገርቶ ያረሰ ሰው ስለ ትጋት ትምህርት አያሻውም።) በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ብቃት ከየትም ይገኝ በምዘና ሊረጋገጥ እንደሚችል ተቀብሏል። ይህ መርሕ ከማንም በፊት ሊሠራበት የሚገባው ለዚህ ገበሬ ነበር። በወተት ላም እርባታ፣ በመኖ ዝግጅት፣ በእህል ንግድ ያለው ዕውቀት ተመዝኖ፣ የሚጎድለው የሒሳብ አያያዝና የብድር አጠቃቀም ብቻ ቢጨመርለት ሥልጠናው ያጥራል፤ ፍሬውም ይቀርባል።

በደርግ ዘመን የተስፋፉት የማኅበረሰብ ሙያ ማሠልጠኛ ጣቢያዎች እዚህ ላይ ሊታወሱ ይገባል። ሠልጣኙን የሚመርጠው የገበሬ ማኅበሩ ነበር፤ እርሱም ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ ወይም ሽመና ተምሮ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። የመሣሪያና የጥሬ ዕቃ እጥረት ብዙዎቹን አዳክሟል። ሠልጣኙ የት ሆኖ ለማን እንደሚሠራ ግን አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ለቦሌ ለሚው ገበሬ ያልተመለሰው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የሚመለስበት መንደር የለም፣ ጎረቤቱም ተበትኗል። ላም በጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አትታለብም። ስለዚህ የበረቱና የመሸጫው ቦታ በሥልጠናው ዕቅድ ውስጥ፣ መሬቱ ከመለቀቁ በፊት፣ መጻፍ አለበት።