ከጠርዙ ላይ ሦስት ኪሎ

ቮላኖ፣ በክራንክ ሻፍት ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ የብረት ክብ፣ ከሞተር ሲወልቅ፣ ሚዛን ላይ ከማስቀመጤ በፊት ደረቴ ላይ አቅፌ እንደ መሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዘዋለሁ። ለመዞር ያንገራግራል፤ ከዞረ በኋላ ደግሞ ለመቆም ያንገራግራል። ይህን ሚዛን አይነግርም፣ ክንድ ግን ያውቀዋል። ልማዱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሙያውን ስማር የያዝኩት ነው። ቃሎቹም ከዚያው የመጡ ናቸው። ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ሁሉም ከጣልያኖቹ የወረስናቸው ናቸው፤ ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ የእንግሊዝ መኪና ስፈታም መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጡት እነሱ ናቸው።

በብርዱ ወራት አንድ የአገሬ ሰው ነጭ ኤም ጂ ቢ ይዘው መጡ፣ የ1971 ስሪት። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ የተሠራች ናት። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ አብዛኞቹም ወደ አሜሪካ ተሸጠዋል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ብትገኝ አይገርምም።

"ልጄ፣ ቮላኖዋን አቅልልልኝ። ስትነሣ ትጎተታለች።"

"ስንት ኪሎ ይውረድ ይላሉ፣ ጋሼ?"

"የቻልከውን ያህል።"

"የሚነዷት እርስዎ ብቻ ነዎት?"

"ልጄም ቅዳሜ ቅዳሜ ትወስዳታለች። ምነው?"

ምነው ያሉት በትክክል ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነውና። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በእያንዳንዱ ግማሽ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚተኩሰው። በመሀል ያለውን ክፍተት፣ ፒስተን አየርና ቤንዚን እየጨመቀ ጉልበት የሚበላበትን ጊዜ፣ የሚያሻግረው ቮላኖ ነው። ጎተራ ማለት ነው፤ ሲተርፍ ያስቀምጣል፣ ሲጎድል ይሰጣል። ትልቅ ጎተራ ግን ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል። ቤንዚን ስትረግጡ የሞተሩ ጉልበት ጎማ ጋ ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ ይህን ጎተራ ይሞላል። ጋሼ "ትጎተታለች" ያሉት ይህንን ነው።

ብዙ ሰው ቀላል ቮላኖ የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ይላል። አይጨምርም። በቋሚ ፍጥነት ሲለካ ሞተሩ የነበረው ያው ነው። የሚቀየረው ፍጥነት በሚጨምርበት ሰዓት የሚባክነው ጉልበት ነው፤ እሱም እንደ ማርሹ ይለያያል። ለጋሼ ወረቀት ላይ ያሰላሁላቸውን እዚህም ልድገመው። ከመሀሉ 13 ሳንቲ ሜትር ርቆ ካለው ጠርዝ ላይ 3 ኪሎ ይነሣ እንበል። የዚያች መኪና አንደኛ ማርሽ 3.44 ነው፣ ዲፈረንሻሉ 3.909፤ ሲባዙ ሞተሩ ከ13 ጊዜ በላይ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ቁጥር በሂሳቡ ውስጥ የሚገባው በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ ከቮላኖው የተነሣው 3 ኪሎ ከመኪናዋ ላይ 100 ኪሎ ያህል እንደ ማራገፍ ይሆናል፤ አንድ ጎልማሳ ከነሻንጣው ወረደ ማለት ነው። በአራተኛ ማርሽ ግን ያው ሥራ 9 ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ክብደት ነው። አውራ ጎዳና ላይ በአራተኛ ለሚነዳ ሰው ገንዘብ ማባከን ነው። ተራራ መንገድ ላይ በአንደኛና በሁለተኛ ለሚጫወት ግን ሌላ መኪና ያደርጋታል።

ርቀቱም እንዲሁ በራሱ እየተባዛ ነው የሚገባው። ከመሀል በ7 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚነሣ አንድ ኪሎ፣ በ14 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሚነሣው አንድ ኪሎ የሩብ ያህል ብቻ ነው የሚጠቅመው። መሀሉን እየበሳሱ "አቀለልኩ" የሚሉ ሰዎች ቮላኖውን ከማዳከም በቀር የሠሩት ነገር የለም። ቮላኖው ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚታሰርባቸው ብሎኖች ዙሪያ መነካት የለበትም። ፍሪሲዮን የሚያርፍበት ፊትም እንዲሁ፤ ያ ውፍረት ሙቀት የሚጠጣ ነው፣ ሲሳሳ ይቃጠላል፣ ይጣመማል።

በኤም ጂ ቢ ቮላኖው ጋ ለመድረስ ካምቢዮውን ብቻ ከሥር ማውረድ አይቻልም። ሞተሩ ብቻውን ወይም ከነካምቢዮው ወደ ላይ መውጣት አለበት። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ አወጣለሁ። ቮላኖው ከመፈታቱ በፊት በክራንክ ሻፍቱ ላይ የነበረበትን ቦታ በነጥብ ምልክት አደርጋለሁ፣ ሲመለስ እዚያው እንዲቀመጥ።

ሚዛኑ ላይ 10 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በቀይ ቀለም ስንጥቅ ፈለግሁበት፤ ቀለሙ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል፣ ስንጥቅ ካለ ቀዩ መስመር በነጩ ላይ ይወጣል። አልወጣም። ከዚያ ቶርኖ ላይ ታሰረ። የቮላኖ ብረት ሲቆረጥ እንደ ሌላው እየተጠቀለለ አይወጣም፣ እንደ ተፈጨ ቡና ይረግፋል። እጅን፣ ጥፍርን፣ አፍንጫን ያጠቁራል። ከሞተሩ በኩል ካለው የጠርዙ ጀርባ ጀመርኩ፤ በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ በላይ አልቸኩልም። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሣ የሚነክሰው የጥርስ ቀለበት በሙቀት ሰፍቶ የገባና ሲቀዘቅዝ ጨምድዶ የያዘ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ከሳሳ ቀለበቱ ይላላል። መቁረጫው በቆመበት ቦታ ሁሉ ጥጉን አከብበዋለሁ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ጥግ ነው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ አውርጄ መዝኜዋለሁ፤ 7 ኪሎ ሲቀርበው አቆምኩ።

ጋሼ መጥተው አዩት። "ከዚህ በላይ አይወርድም?" አሉ።

"ይወርዳል፣ ጋሼ። እኔ ግን አላወርደውም።"

ይህን ለማለት የደረስኩት በአንድ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ለሌላ ደንበኛ ቮላኖ አምስት ኪሎ ተኩል አድርሼ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው ተመለሱ፤ መብራት ላይ ትጠፋለች፣ ዳገት ላይ ስትነሣ ትጠፋለች፣ ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል። ካርቡራተር ነካካሁ፣ ሚኒሞ ከፍ አደረግሁ፣ አልሆነም። የተቆረጠ ብረት አይመለስም። ሌላ ያገለገለ ቮላኖ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ፣ ሞተሩን እንደገና አውጥቼ ሠራሁት። በእግራቸውም ሆነ በአነዳዳቸው ላይ ጥፋት አልነበረም፤ ማን እንደሚነዳት ሳልጠይቅ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ከቶርኖ በኋላ ፍሪሲዮኑን የሚጫነው ሳህን ተገጥሞበት ሁለቱ አንድ ላይ ባላንስ ይደረጋሉ፤ የሚከብደው ወገን ላይ ጥልቀት የሌለው ቀዳዳ ይበሳል። ይህን የሚዘል ሰው ሥራውን ባይጀምር ይሻለው ነበር። በደቂቃ 6000 ዙር ላይ የቮላኖው ጥርስ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ እሱም የሚሽከረከረው ከነጂው እግር አጠገብ ነው። የሞተሪኖውን ዓይነት ማየትም አይረሳ። ከ1967 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ሞተሪኖ ከቀድሞዎቹ ይለያል፣ የቮላኖው ጥርስም አብሮ ተለውጧል፤ የአንዱን ለአንዱ ገዝተው የሚመጡ አሉ። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ደግሞ በዚህች መኪና ካርቦን ነው፤ ሞተሩ አንዴ ከወጣ አዲስ ይግባ።

ሞተሩ ተመልሶ ከገባ በኋላ ሁለቱን ካርቡራተሮች ቀጭን የጎማ ቱቦ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ፉጨታቸውን እያዳመጥኩ አመሳሰልኳቸው። ሚኒሞውን በደቂቃ ከ750 ዙር ወደ 900 አወጣሁት። ቅዳሜ ጠዋት ከጋሼና ከልጃቸው ጋር በሁለት መኪና ወደ ብሉ ሪጅ ተራሮች ወጣን፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ። ፍጥነቱ በሰዓት በ35 ማይል የተገደበ መንገድ ነው፤ ለዚህ ፈተና ከበቂ በላይ ነው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ሲቀያየር ይውላልና።

መጀመሪያ የነዳችው ልጅቷ ናት። ከቆመችበት ስትነሣ አንዴ ጠፋችባት፤ ሁለተኛው ላይ ቤንዚኑን ትንሽ ቀደም አድርጋ ሰጠች፣ ከዚያ በኋላ አልጠፋባትም። ማርሽ ስትጨምር ግን መኪናዋ ትነቀነቅ ነበር። "ፈጠን አድርጊው" አልኳት። ቤንዚኑ ሲለቀቅ ዙሩ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ አይወርድም፣ እግር ከቆየ ሞተሩ ወርዶ ይጠብቃል። ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ እጇና እግሯ ገባቸው። ቁልቁለት ላይ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ ቤንዚኑን በእግሯ ጣት ጫፍ ብቻ ነካ አደረገችው፤ ዙሩ ወዲያው ወጣ፣ ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። ጋሼ ከኋላችን ባለው መኪና ሆነው ያንን ሰምተውታል፤ ስንቆም "እንግዲህ ተራዬ ነው" አሉና ቁልፉን ተቀበሏት።

ቮላኖ ለማስቀለል ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከቶርኖው በፊት ስንጥቅ አስመርምሩ፤ ከቶርኖው በኋላ ባላንስ አስደርጉ። መኪናዋን ለውድድር አዘውትራችሁ ከ6000 ዙር በላይ የምታስጮኋት ከሆነ ግን ሃምሳ ዓመት የሠራውን ብረት አታስቆርጡት፤ ከስቲል ተጠርቦ የተሠራ አዲስ ግዙ።