ጭቃው በዛፉ ላይ የተወው መስመር

አዲስ የዶክትሬት ተማሪ ሲመጣ ጥያቄው አይለወጥም። «ዶክተር፣ ራምስን ልልመድ ወይስ አቫፍሎውን?» ይላል፤ ሁለቱም ናዳን የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው። «የፈለግኸውን። ብቻ መጀመሪያ ሄደህ ፈፋው መታጠፊያ ላይ ቁም» እለዋለሁ። አብዛኞቹ የማሾፍባቸው ይመስላቸዋል።

ብዙዎቻችን የጭቃና የድንጋይ ናዳን የምናሰላው ስዊዘርላንዳዊው አዶልፍ ቮልሚ በ1955 እ.ኤ.አ. ለበረዶ ናዳ ባወጣው ቀመር ነው። ቀመሩ ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፤ አንዱ ተራው ሰበቃ፣ ሌላው ናዳው በፈጠነ ቁጥር የሚበረታው መጎተት ነው። ተማሪው የሳተላይት ምስል ያወርድና ጭቃው የቆመበትን ጠርዝ ይሥላል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ያንኑ ጠርዝ እስኪሰጠው ድረስ ሁለቱን ቁጥሮች ያሽከረክራል። ሲገጥምለት ደስታውን አይችለውም። ችግሩ ያንን ጠርዝ የሚሰጡ ጥንድ ቁጥሮች ብዙ መሆናቸው ነው። በአንዱ ጥንድ ከታች ያለ ሰው ልጁን አቅፎ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል፤ በሌላው አያገኝም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም እኩል «ትክክል» ናቸው።

ሁለቱን ጥንዶች የሚለያቸው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ደግሞ በሳተላይት ምስል ላይ አይታይም። መታጠፊያው ላይ ግን ይታያል። ናዳው ሲታጠፍ በውጭኛው ዳር ይሰቀላል፣ በውስጠኛው ዝቅ ይላል፤ በግንዱና በገደሉ ግድግዳ ላይም የጭቃ መስመር ትቶ ያልፋል። የሁለቱን መስመሮች የከፍታ ልዩነት፣ የቦዩን ስፋትና የመታጠፊያውን ራዲየስ ለካ። ልዩነቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 10፣ ራዲየሱ 40 ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ፣ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ የቀመሩን የማረሚያ ቁጥር አንድ አድርገን ነው፤ ስንት ይሁን በሚለው ባለሙያው ሁሉ ይጨቃጨቃል፤ ከአንድ ባስበለጥኸው መጠን ፍጥነቱ ይወርዳል። ይጨቃጨቁ። ስፋት ያለው ግምት ይዤ መሥራት ምንም ልኬት ሳይኖረኝ ከመሥራት ይሻለኛል።

ታዲያ መስመሩ አይቆይም። አንድ ደህና የክረምት ዝናብ ያጥበዋል። ስለዚህ መንገዱ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ተማሪ የሚያገኘው ድንጋዩን ብቻ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ነገር ሁልጊዜ ይሞግተኛል። እሱ አገር አቀፍ የአደጋ ካርታ በማሽን ትምህርት ይሠራል፤ ለዚያ ሥራ የሳተላይት መረጃ ይበቃል ቢል አልከራከረውም። ለአንድ ፈፋ ግን አይበቃም። ብዙ ጊዜ በነፃ የምንጠቀምበት የከፍታ መረጃ ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. የለካችው ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። ስምንት ሜትር የሚሰፋ ፈፋ እዚያ ውስጥ የለም፤ መታጠፊያውማ ከየት ይመጣል? ናዳው ኮምፒውተሩ ላይ ቦዩን ስለማያገኘው ወደ ጎን ይፈስና ምንም ያልነካውን ማሳ ያለብሳል። ከዚያ ተማሪው ሰበቃውን ከፍ አድርጎ «ያስተካክለዋል»። በመሬቱ ላይ የጠፋውን በሰበቃ መክፈል እንግዲህ ይሄ ነው።

ስዊዘርላንዶች ኢልግራበን የሚባል ሸለቆ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ በጋ ናዳው ደጋግሞ ይወርድበታል፤ እነሱም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምረው በመሣሪያ ይከታተሉታል። አሜሪካኖች ኦሪገን ጫካ ውስጥ 95 ሜትር የሚረዝም የኮንክሪት ቦይ ሠርተው ናዳውን ራሳቸው ይለቁታል። የኛ መሣሪያ ዛፉ ላይ የቀረው ጭቃ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ዋጠ፤ ጎረቤቱን ለማውጣት የወጣውን ሕዝብ ደግሞ ሁለተኛው ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ተዳፋቱን በቀይ ቀለም የሚያሳይ ካርታ የትኛው ቦታ ሊሰበር እንደሚችል ይናገራል። አካፋ ይዞ ለቆመ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከላይ ምን ተንጠልጥሏል? ቢለቀቅ እኔ ጋ ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? እልኼ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ሥራ ዓይኔን ለውጦታል፣ እውነቱን ለመናገር ጠባዬንም። ዘመድ ጥየቃ ገጠር ስወጣ ከሰላምታ በፊት የአጥሩን ድንጋይ አያለሁ። ሰው ከፈፋው አፍ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ መስፈር ይወዳል፤ ሜዳ ነው፣ አፈሩ ደህና ነው፣ ውኃውም ቅርብ ነው። ሜዳውን ማን እንደሠራው ግን ድንጋዩ ይናገራል፤ በሬ የሚያክል ድንጋይ በእርጋታ የምትፈስ ምንጭ አላመጣችውም። አንዴ ለሠርግ ተጠርቼ ከድንኳኑ ጀርባ ፈፋውን ስወጣ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። ሳስረዳቸው ዕድሜያቸውን የኖሩበትን ጓሮ ዞር ብለው አዩና፣ ልጅ ሳሉ አያታቸው ከዚያ በታች ጎጆ መሥራት ይከለክሉ እንደነበር ነገሩኝ። አሁን እዚያ የቆርቆሮ ቤት ተደርድሯል። የአያትየውን ክልከላ ከማስታወሻዬ ላይ ከልኬቱ አጠገብ ጻፍሁት።

በቅርቡ አንድ ገምጋሚ በእጅ የሣልኋቸውን የመታጠፊያ ንድፎች ወደ አባሪ እንዳወርዳቸው ጠይቆኝ ነበር፤ ዘመናዊ አይመስሉም ብሎ። ከዋናው ጽሑፍ ውስጥ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ፤ እንዲያውም አንዱን አጉልቼዋለሁ።