ገለልተኝነት በልብስ ይለካልን?



ቶሮንቶ ወይም ኤድመንተን ዘመድ ያለው ቤተሰብ በመካከላችን ብዙ ነው። ስለዚህም የካናዳ ጉዳይ ከጁምዓ ሰላት በኋላም፣ ቡና ተፈልቶም ሲነሳ ይሰማል። ወሬው ኩቤክ ወደምትባለው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ክፍለ ሀገርና 21ኛው ሕግ ወደሚባለው ድንጋጌዋ ሲደርስ ግን ተከራካሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ካናዳ እኮ የነጻነት አገር ናት፤ ይህ የጋዜጠኛ ማጋነን ነው» ይላል። ሌላው «ምዕራባዊ ሁሉ የኢስላም ጠላት ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቃል?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ንግግሮች አንድ የጋራ ጥቅም አላቸው፤ ተናጋሪውን ሕጉ ምን እንደሚል ከመመርመር ያሳርፉታል።

እስቲ እኛ እንመርምረው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ የወጣው ጁን 16 ቀን 2019 ነው። በጊዜው ክፍለ ሀገሯን ይመራ የነበረው የፍራንሷ ለጎ መንግሥት አቅርቦት፣ በኩቤክ ብሔራዊ ምክር ቤት በ75 ድጋፍና በ35 ተቃውሞ ጸደቀ። በዚህ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ ፖሊሶች፣ የወህኒ ጠባቂዎችና ሌሎችም በሥራ ላይ ሳሉ የሃይማኖት ምልክት እንዳያደርጉ ተከልክለዋል። የሙስሊሟ ሂጃብ፣ የሲኩ ጥምጣም፣ ኪፓ የሚሉት የአይሁድ ቆብ፣ የክርስቲያኑም የአንገት መስቀል በክልከላው ውስጥ ናቸው። በ2025 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ ክልከላው ወደ ሌሎች የትምህርት ቤት ሠራተኞች ሰፋ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንቀላቅለውን ነገር ልለይ። 21ኛው ሕግ የተማሪዎችን ሂጃብ አይከለክልም። የተማሪዎችን ሂጃብ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያስወጣው የፈረንሳይ የ2004 ሕግ ነው። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም አክሱም ላይ ያከራከረን የተማሪዎች ሂጃብ ነበር። የኩቤኩ ነገር የመምህሯ ነው። ሦስቱን በአንድ ከረጢት ጨምሮ የሚናገር ሰው ከኩቤክ ሰው ጋር ሲገናኝ በመጀመሪያው ጥያቄ ይረታል።

ሸኾቻችን ስለ ሙናዘራ ሥርዓት ሲያስተምሩ፣ የተቃራኒህን ሐሳብ እሱ ራሱ ቢሰማው «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አስተካክለህ ሳታቀርብ ወደ መልስ አትሂድ ይሉናል። ደረሳ ሁሉ ይህን ይሰማል፤ ከመድረሳው ደጃፍ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ግን ጥቂቱ ነው። በዚሁ ሥርዓት እንሂድና የሕጉን ደጋፊዎች እናዳምጥ።

ኩቤክ ለረጅም ዘመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክንድ የጸናባት አገር ነበረች። ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም በቀሳውስትና በመነኮሳት እጅ ነበር። የኩቤክ ሴቶች በክፍለ ሀገራቸው ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1940 ነው፤ ያኔም የከተማይቱ ካርዲናል በይፋ ተቃውመው ነበር። ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል የመዋዋል ሥልጣን ያገኘችው በ1964 ነው። በዚያው ዓመት የትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመና ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን እጅ መውጣት ጀመረ። ያን ዘመን «ጸጥተኛው አብዮት» ይሉታል። የትምህርት ቤት ቦርዶቹ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መከፋፈላቸው የቀረው ግን በ1998 ነው። እንግዲህ በመነኩሴ አርጩሜ ስር ፊደል የቆጠረች አንዲት የሞንትሪያል አሮጊት «ሃይማኖት ከክፍል ውስጥ ይውጣ» ስትል የምትናገረው ስለ ራሷ ልጅነት ነው። ስለ እኛ ምናልባት ምንም አታውቅም። በዚህ ላይ እነርሱ በእንግሊዝኛ ባሕር መካከል ያሉ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋችንና ባሕላችን ይዋጣል የሚለው ስጋታቸው የቆየ ነው። ይህን ስሜት በዘረኝነት ብቻ የሚፈርጅ ሰው ፍርዱን አጓድሏል። ለምንጠላው እንኳ ፍትሕን እንድናጓድል አልተፈቀደልንም።

ስሜቱን ከተረዳን በኋላ ግን ሕጉን ራሱን እንጠይቀው።

ሕጉ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ መንግሥት ገለልተኛ ከሆነ ሠራተኛውም ገለልተኛ ሆኖ መታየት አለበት የሚል። «ሆኖ መታየት» የሚለውን ልብ ይበሉ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሕፃናትን በማስተማር ነው። መምህር ልጅን ወደ ወደደው የሚያዘነብለው በምን እንደሆነ አውቃለሁ። በድምፁ ነው፤ ማንን አስነስቶ ማንን እንደሚያልፍ ነው፤ የማንን ስህተት በሳቅ፣ የማንን በቁጣ እንደሚያርም ነው። ይህ ሁሉ ራሱን በተላጨውም፣ በጠመጠመውም፣ በሸፈነችውም ዘንድ ሊገኝ ይችላል። መምህሯ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሃይማኖት ከሰበከች ጥፋቷ ስብከቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዲሲፕሊን አለው። ሕጉ ግን ሥራን መመርመር ስለሚያደክም በዓይን የሚታየውን ቀላሉን ነገር ያዘ። (እኛም ብንሆን የኡስታዙን ዕውቀት በጥምጣሙ ትልቅነት የምንለካበት ጊዜ አለ፤ በሽታው የኩቤክ ብቻ አይደለም።)

ሕጉ በራሱ ሐሳብ እንደማይተማመን የሚያሳየው ደግሞ ቀድሞ የተቀጠሩትን የሚምረው ድንጋጌው ነው። ረቂቁ ማርች 28 ቀን 2019 ለምክር ቤት ሲቀርብ በሥራ ላይ የነበረች መምህር በዚያው ቦታና በዚያው ሥራ እስካለች ድረስ ሂጃቧን እንደለበሰች ትቀጥላለች። እድገት አግኝታ ወደ ሌላ የሥራ መደብ ልትዛወር ብትፈልግ ግን ሂጃቧ ይጠየቃል። እንግዲህ ልጠይቅ፤ የመምህሯ ሂጃብ ሕፃናትን የሚጎዳ ከሆነ የቀድሞዋ እንዴት ተፈቀደላት? የማይጎዳ ከሆነስ የአዲሷ ለምን ተከለከለ? በጎን በጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ሕጋዊ ሌላዋ ሕገ ወጥ የሚሆኑበትን ምክንያት ከቅጥር ቀን በቀር ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

የምክር ቤቱን መስቀልም እናንሳ። ከ1936 ጀምሮ ስቅለቱን የሚያሳይ መስቀል ከምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ወንበር በላይ ተሰቅሎ ነበር። ፈላስፋው ቻርልስ ቴይለርና የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ዤራር ቡሻር የመሩት ኮሚሽን በሜይ 2008 ሪፖርቱን ሲያወጣ መስቀሉ ከዚያ ይነሳ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ምክር ቤቱ በዚያኑ ዕለት በሙሉ ድምፅ ባለበት እንዲቆይ ወሰነ። የተነሳው ከ21ኛው ሕግ በኋላ በጁላይ 2019 ነው። መነሳቱ ለእነርሱ የሚቆጠርላቸው ነው፤ ሐቅን አንደብቅም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ቅርስ ነው» የተባለለት ምልክት ከሂጃቡ ጋር የተመዘነበት ሚዛን አንድ አልነበረም።

ስለዚህ ኮሚሽን አንድ ነገር ልጨምር፤ የሕጉ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ስሙን ይጠራሉና። ኮሚሽኑ ምልክት እንዳያደርጉ ይከልከሉ ካላቸው መካከል ዐቃቤ ሕጉ፣ ፖሊሱና የወህኒ ጠባቂው አሉ፤ መምህራን ግን የሉበትም። መምህራንን የጨመሩት ፖለቲከኞች ናቸው። ይህም ብቻ አይደለም። ጃንዋሪ 29 ቀን 2017 አንድ መሣሪያ የያዘ ሰው በኩቤክ ከተማ ወደሚገኘው መስጊድ ገብቶ ከዒሻ ሰላት በኋላ ስድስት ሰጋጆችን ገደለ። አላህ ይዘንላቸው። ቴይለር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ምልክትን የመከልከሉን ሐሳብ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግም ቢሆን ከእንግዲህ እንደማይደግፈው በጋዜጣ ጻፈ። እንዲህ ያለው ክርክር በሙስሊም ሴቶች ላይ ያመጣውን ጥላቻ አይቶ ነበር። ቴይለር ካቶሊክ ነው። ሐሳቡን በለወጠበት ጊዜ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። በኛ መካከል በዚያ ዕድሜ በአደባባይ «ያልኩትን ትቼዋለሁ» የሚል ሊቅ ስንት እናገኛለን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። «ካናዳ የነጻነት አገር ናት» ለሚለው ወንድማችን መልሱ እዚህ ነው። የ1982ቱ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር የሃይማኖትን ነጻነት በግልጽ ጽፏል። ይኸው ቻርተር 33ኛ አንቀጽ አለው። በዚህ አንቀጽ ማንኛውም ክፍለ ሀገር ሕግ ሲያወጣ «ቻርተሩ ምንም ቢል ይህ ሕግ ይጸናል» ብሎ መጻፍ ይችላል። ዘመኑ አምስት ዓመት ነው፤ ሲያልቅም ይታደሳል። አንቀጹ የገባው በ1981 የፌዴራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ ከክፍላተ ሀገር መሪዎች ጋር በተደራደረ ጊዜ ነው። አጥብቀው ከያዙት መካከል የምዕራብ ካናዳ መሪዎች ነበሩ፤ ኩቤክማ በስምምነቱ ላይ አልፈረመችም። ዛሬ ግን 21ኛው ሕግ በዚህ አንቀጽ ጥላ ስር ተቀምጧል፤ በ2024 አምስት ዓመቱ ሲሞላም ታድሷል።

ውጤቱን ይመልከቱ። በኤፕሪል 2021 ዳኛ ማርክ-አንድሬ ብላንሻር ሕጉ ከሁሉ በላይ ሙስሊም ሴቶችን ክፉኛ እንደሚጎዳ በፍርዳቸው አተቱ፤ ሆኖም 33ኛው አንቀጽ እጃቸውን ስለያዘው አብዛኛውን ሕግ አጸኑት። ነጻ ያወጡት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ቦርዶችን ነበር፤ ምክንያቱም የአናሳ ቋንቋ የትምህርት መብት በዚያ አንቀጽ አይነካም። የአንዲት ሴት መብት በእምነቷ ሳይሆን በምታስተምርበት ቋንቋ ሊጠበቅ ነው ማለት ነው! ይህም ቢሆን አልቆየም፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ሻረው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 ጉዳዩን ለማየት ተቀበለ።

የዚህ በር ነገር የሙስሊሞች ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በኖቬምበር 2022 ኦንታሪዮ በዚሁ አንቀጽ የትምህርት ቤት ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞችን አድማ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ተቃውሞ ሲበረታ በቀናት ውስጥ አነሳችው። በኦክቶበር 2025 አልበርታ በዚሁ አንቀጽ በአድማ ላይ የነበሩ ከ50 ሺህ በላይ መምህራንን ወደ ሥራ መለሰች። በሂጃብ ላይ ሲውል «የኩቤክ ጉዳይ ነው» ብለው ዝም ያሉ መምህራን በአልበርታ ሳይኖሩ አይቀሩም።

የኛንም የክርክር መንገድ ሳልነካ አላልፍም። በሴፕቴምበር 2021 በካናዳ የፓርቲ መሪዎች የእንግሊዝኛ ክርክር ላይ አወያይዋ የኩቤኩን ብሔርተኛ ፓርቲ መሪ፣ ኩቤክ ችግር የለባትም እያልክ እነዚህን አድሏዊ ሕጎች ለምን ትደግፋለህ የሚል ጥያቄ ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ሰው የተነጋገረው ስለ ሕጉ አልነበረም፤ ስለ ጥያቄው ነበር። የኩቤክ ምክር ቤት ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ አወገዘ፤ የትልልቆቹ የፌዴራል ፓርቲዎች መሪዎችም ጥያቄው ተገቢ አይደለም አሉ። ሕዝብ ተሰደበ የተባለ ዕለት ስለ መምህሯ የሚሰማ ጆሮ ጠፋ። ከእኛ መካከል «ኩቤኮች ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚለውም ሰው በዚያው ድንጋይ ነው የሚሰናከለው። ምክር ቤቱ ውስጥ ሕጉን የተቃወሙት 35ቱም የኩቤክ እንደራሴዎች ነበሩ።

ሌላም አለ። በንግግራችን ሂጃቡን እናነሳለን፣ ጥምጣሙንና ኪፓውን እንረሳለን። አንዲት ጥምጣም የምትለብስ የሲክ እምነት ተከታይ መምህርት ትምህርቷን ጨርሳ በኩቤክ ማስተማር ስላልቻለች ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሄዳ ሥራ ይዛለች፤ ከቤቷ እስከዚያ አገሪቱን ማቋረጥ ነው። ለራሳችን ብቻ የምንጠይቀው ፍትሕ በሌላው ጆሮ ልመና ሆኖ ይሰማል።

በዲሴምበር 2021 ቼልሲ በምትባል የኩቤክ ትንሽ ከተማ፣ ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር ሙስሊም መምህር በሂጃቧ ምክንያት ከክፍል ተነስታ ሌላ ሥራ ተሰጣት። ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛው ቦርድ ነበር፤ ነጻነቱ ግን ይግባኙ እስኪታይ ታግዶ ነበር። ቼልሲ የሙስሊሞች ከተማ አይደለችም። ልጆቹና ወላጆቻቸው ወጥተው በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አረንጓዴ ሪባን አሰሩላት። ስለ ኩቤክ በየቡናው በምናደርገው ክርክር ውስጥ የእነዚያን ወላጆች ነገር የሚያነሳ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።