የወደቀችው ቢት

የኢንቴልና የኤኤምዲ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች ምልክት ያለውን ሙሉ ቁጥር ወደ ተንሳፋፊ ነጥብ የሚለውጥ ትዕዛዝ ከመጀመሪያው አላቸው። 64ቱንም ቢት ለመጠን የሚጠቀመውን፣ ምልክት የለሹን የሚለውጥ ግን ለረጅም ዘመን አልነበራቸውም። ቁጥሩ ከ9223372036854775807 ካለፈ ያ ትዕዛዝ አሉታዊ ነው ብሎ ያነበዋል። ክፍተቱን መሙላት የኮምፓይለር ጸሐፊዎች ዕዳ ሆነ።

የጂሲሲ ጸሐፊዎች ለዚህ ያበጁትን ኮድ ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ትልቁን ቁጥር አንድ ቢት ወደ ቀኝ ገፍተው ያጋምሱታል፤ ግማሹን ባለው ትዕዛዝ ይለውጡታል፤ ውጤቱን ከራሱ ጋር ይደምሩታል። እስከዚህ ጎበዝ ተማሪም ይደርሳል። ጥበቡ መሃል ላይ ነው፤ ሲገፋ የወደቀችውን የመጨረሻ ቢት አንስተው፣ በ«ወይም» ስሌት ከግማሹ የመጨረሻ ቢት ጋር ያዋህዷታል።

ለምን ይህን ያህል ይጨነቁላታል? ድርብ ትክክለኛነት ያለው ቁጥር የሚይዘው 53 ቢት ነው፤ የተረፈው ይጠጋጋል። 9223372036854776833ን እንውሰድ። እዚህ ከፍታ ላይ በሁለት ተከታታይ ተወካይ ቁጥሮች መካከል 2048 ርቀት አለ። የእኛው ከታችኛው በ1025 ይርቃል፤ እኩሌታውን በ1 ስላለፈ ወደ ላይ፣ ወደ 9223372036854777856 መጠጋጋት አለበት። ቢቷ ከተጣለች ግን ግማሹ ልክ እኩሌታው ላይ ያርፋል። እኩሌታ ላይ ያረፈ ደግሞ፣ በአይኢኢኢ 754 መደበኛ ደንብ፣ የመጨረሻ ቢቱ ዜሮ ወደሆነው ጎረቤት ይሄዳል፤ እዚህ ያ የታችኛው ነው። መልሱ በ2048 ያንሳል።

ደስ የሚለኝ የቢቷ ሥራ ነው። ቦታዋ ተወስዶባታል፤ የራሷን ዋጋ ይዛ አትመለስም። «ከታች የወደቀ ነገር አለ» ብላ ትመሰክራለች፤ ለማጠጋጋቱ የሚያስፈልገውም ይኸው ምስክርነት ብቻ ነው። ከሚጣሉት 10 ቢቶች ግርጌ ስለምትቀመጥ የሚቀሩትን 53 አትነካም። መጨረሻ ላይ ከራሱ ጋር መደመሩ የሚያሳድገው ርቢውን ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ማጠጋጋት አይኖርም።

ኤቪኤክስ-512 ትዕዛዙን አምጥቷል፤ እሱ ለሌላቸው ፕሮሰሰሮች ግን ጂሲሲ ዛሬም በዚህ መንገድ ይሠራል። ኮዱን አሳጥራለሁ ብሎ ያቺን «ወይም» የሚያነሳ ፓች ለግምገማ ከቀረበላችሁ፣ በትናንሽ ቁጥሮች የተጻፈ ፈተና ማለፉ አያዘናጋችሁ፤ በ9223372036854776833 ፈትኑት።